የመስታወት ጨጓራ

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋት የሣህሊቱ መልስ አጭር ነበር።

«ወተት እፈጫለሁ።»

ጠያቂው ፈገግ ብሎ ካለፈ አለፈ። ካላለፈ ግን «እህል ነው እንጂ ወተት ምኑ ይፈጫል?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ሣህሊቱ ጥፋት እንደተገኘባት ሰው አንገቷን ሰበር አድርጋ ታስረዳለች። ሰው ሆድ ውስጥ ተሰውሮ የሚሆነውን እሷ መስታወት ውስጥ ታደርገዋለች፤ በቃ ይኸው ነው።

ሲያትል ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር በቆመ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የሕፃናት ምግብ የሚጠናበት ላቦራቶሪ ነበር። እዚያ ሣህሊቱ የምትንከባከባቸው ሁለት የመስታወት ጨጓራዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። እያንዳንዳቸው ከአንዲት ትንሽ ማሰሮ አይበልጡም። ግድግዳቸው ድርብ ነው፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል በሰው ገላ ልክ የሞቀ ውሃ ይዞራል። ከላይ በቀጭን ቱቦ አሲድ ጠብ ጠብ ይላል። ከታች አንዲት አጭር ዘንግ ወተቱን በዝግታ ታማስላለች። ከዚያ ፔፕሲን የሚባለው ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ይገባል፤ የወተቱን ፕሮቲን የሚቆራርጠው እሱ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን ሆድ ከፍቶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ የላቦራቶሪው ሰዎች የሕፃን ሆድ የሚመስል ነገር ሠርተው፣ ወተቱ በየደረጃው ምን እንደሚሆን በዚያ ያያሉ።

ፔፕሲኑ የሚወጣው ከአሳማ ጨጓራ ነው። ሣህሊቱ ይህን ያወቀች ሰሞን ሐሳብ ገብቷት ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ ነበር።

«አባ፣ የአሳማ ነገር በእጄ እነካለሁ።»

«ትቀምሺዋለሽ?»

«ኧረ አባ!»

ቄሱ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያ ሥራሽን ሥሪ» አሉ። «ጓንት ግን አድርጊ።»

ባሏ ሥዩም ኤርፖርቱ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የእኔ ሚስት የቤቱን ጨጓራ ትልጣለች፣ የቢሮውን ጨጓራ ታሞቃለች» ይላል። ቤቱ ይስቃል፤ ሣህሊቱም ስንት ጊዜ የሰማችውን ቀልድ እንደ አዲስ ትስቅለታለች።

ወተት ያወቀችው አሜሪካ መጥታ አይደለም። አዲስ አበባ ሳለች በአንድ የወተት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነበረች። ገበሬዎች ማለዳ የሚያመጡትን ትቀበላለች፤ ውሃ የገባበትን ለይታ ትመልሳለች። ወተቱን የመለሰችበት ሰው ፊት ግን ቀኑን ሙሉ ከዓይኗ አይጠፋም ነበር። በፈረንጆቹ 2003 ዲቪ ደርሷት ከሥዩም ጋር መጡና ዴ ሞይን በምትባል የሲያትል ጎረቤት ከተማ ቤት ተከራዩ። እሷ አውሮፕላን ስታጸዳ ቆየች። ቀጥሎ በዚያ ላቦራቶሪ የዕቃ አጣቢነት ሥራ አገኘች፤ ሲመሽ የተቆለለውን ብልቃጥ ሁሉ አጥባ፣ አድርቃ፣ በየቦታው ትደረድራለች። ሁለቱን ጨጓራዎች የሚጠብቀው ሠራተኛ ሌላ ከተማ ሲሄድ «ትማሪያለሽ?» አሏት። ተማረች። ብዙ ነገር አበላሽታ፣ ቀስ ብላ ነው የተማረችው። ከሁሉ በላይ የተማረችው አለመቸኮልን ነበር፤ ሆድ አይቸኩልም።

ልጅ አልወለዱም። ይህን ነገር ሰው ፊት አያነሡትም፤ ሰውም ጨዋ ከሆነ አያነሣባቸውም። ብቻ ሣህሊቱ ማለዳ፣ ላቦራቶሪው ገና ባዶ ሳለ፣ ውሃውን አሙቃ መስታወቶቹን በመዳፏ ትዳስስና «ደህና አደራችሁ?» ትላቸዋለች። መልስ ጠብቃ አይደለም።

በኋላ ኖርዝጌት አካባቢ ወዳለ አፓርታማ ተዛወሩ። ከእነሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ሩሐማ የምትባል ወጣት ትኖር ነበር። ባሏ ፍቅረ ሥላሴ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። በፈረንጆቹ 2014፣ ሐምሌ ላይ ሩሐማ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ከጊዜው እጅግ ቀድሞ ነው የመጣው፤ የአባቱ አንድ መዳፍ ይበቃው ነበር። ሆስፒታሉ ማሞቂያ ውስጥ አስተኝቶት፣ ክር በምታህል ቱቦ የእናቱን ወተት ያጠጣው ጀመር። ማሞቂያው ላይ በተለጠፈው ወረቀት «የሩሐማ ወንድ ልጅ» ተብሎ ተጻፈ። ስሙን ክርስትና ሲነሣ ትሰሙታላችሁ ብላ ሩሐማ ለባሏ እንኳ አልነገረችም።

በየጥቂት ሰዓቱ ጡቷን በማለቢያው እያለበች በትንንሽ ጠርሙስ ታኖራለች። ነርሶቹ «እያንዳንዷ ጠብታ ወርቅ ናት፤ እንዳትደፊ» ይሏታል። እሷም አልደፋችም።

ነሐሴ ላይ ልጁ አንጀቱን ታመመ። ሆዱ ተነፋ። ሊያጠምቁት የተጠሩት ቄስ መንገድ ላይ ሳሉ ሞተ። አርባ ቀኑ አልሞላም ነበር።

ቀብሩን ወንዶቹ ፈጸሙት። ሩሐማ አራስ ናት ተብሎ መቃብር አልሄደችም። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ ተዝካርም የለውም። ሰው መጣ፤ በር ላይ ቆሞ «እግዜር ይተካ» አለ፤ ሄደ። ሣህሊቱም እንዲሁ ብላ ከሄዱት አንዷ ነበረች። ሩሐማ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰች እንደሆነ «ተዪ፣ ልጅ ነው፣ ይተካል» ይሏታል። ሆስፒታሉ ልጁ ሳይጠጣው የቀረውን ወተት በበረዶ ሣጥን አድርጎ መለሰላት። ከሆስፒታል ይዛ የገባችው ያንን ብቻ ነበር።

በኅዳር አጋማሽ፣ የገና ጾም እንደገባ፣ የእነ ሣህሊቱ በር ተንኳኳ። የመጡት እማማ ሥራዬ ናቸው፤ የፍቅረ ሥላሴ አክስት፣ አራሷን ሊያርሱ ከታኮማ መጥተው በዚያው የቀሩ ሴት።

«ይግቡ እማማ።»

«አልቀመጥም። ሣህሊቱ፣ አፌ ጉድ ሠራኝ።» ቆመው ነጠላቸውን ያጣጥፋሉ። «ልጁ በሞተ ሰሞን ነው። ያቺ ልጅ፣ ሊያመው ሲል የሆነውን ሁሉ ትነግረኛለች። ያን ቀን ከሆስፒታሉ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምሳዋን በልታ ገባችና ጡቷን አለበችለት። ‹የመጀመሪያውን ሳታፈሺ?› አልኳት። ‹አዎ፣ ነርሷ እንዳትደፊ ብላኛለች› አለች። ‹እንግዲያማ ምች የመታው ወተት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ረግቶበት ነው› አልኩ።»

ከፀሐይ የገባች እናት የመጀመሪያውን ወተት ሳታፈስ አታጠባም የሚለውን ሣህሊቱም ከእናቷ ስትሰማ ነው ያደገችው።

«አልኩ እንጂ መች አሰብኩት! እኛ ዘንድ ሁሉም የሚለው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መልሼ ልውጠው ብል እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አይዞርም። ‹በእጄ ነው የገደልኩት› ትላለች። ደግሞም ሁለተኛ አልወልድም ብላለች።»

«ሐኪሙ አልነገራትም?»

«ነግሯታል! ‹ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱትን የሚይዝ በሽታ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም› ብሏታል። እሷ ‹ለሁሉም እናት እንዲሁ ነው የሚሉት› ትላለች። አንቺ ወተት ታውቂያለሽ አሉ፤ እስቲ ንገሪያት።»

«እኔን ታምነኛለች ብለው ነው?»

«እሱስ፣ አንቺም ብትሆኚ ወልደሽ…» እማማ ሥራዬ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። «ይኸው! አሁንም! ይህን አፍ የቆረጠልኝ በሆነ!»

ሣህሊቱ ትከሻቸውን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። አልተቀየመችም። ቃሉ ግን ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ወደ እነ ሩሐማ ወረደች። ፍቅረ ሥላሴ በር ከፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ወተቱን ልጣለው ስላት ፍሪጁን ተደግፋ ትቆማለች» አለ። «ዶክተሩ ጋ ኮል አድርጌ ነበር፤ ሰው ያናግራት አለ። እሷ ሰው አታናግርም።»

ሩሐማ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ ነበር። ጉንጮቿ ገብተዋል። ሣህሊቱ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ» አለች ሩሐማ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እርስዎ ዘንድ ያለው ነገር የልጅ ሆድ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«የልጅ ሆድ አይደለም። የልጅ ሆድ የሚመስል ነው።»

«ሶ… ያን ቀን ያለብኩት አንድ ጠርሙስ አለኝ። እሱ ቢገባ፣ የሆነውን ያሳያል?»

ሣህሊቱ «አያሳይም» ማለት ነበረባት። የልጅቷ ዓይን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞሯል። «ልጠይቅልሽ» አለች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ኖራ ሸበት ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ነበረች። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ሣህሊቱ፣ ይቺ እናት የምትፈልገው ልጇ ለምን እንደሞተ ነው። የእኛ መስታወት ይህን አያውቅም። የምታየው አንድ ወተት ሲፈጭ ብቻ ነው።»

«ይገባኛል።»

«ለእሷም ከገባት ቅዳሜ አምጫት። ውጤቱ ጥናታችን ውስጥ አይገባም። ደግሞ ምን እንደምታይ ደረጃ በደረጃ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ እኛ ለምደነዋል፣ እሷ አልለመደችም።»

ሣህሊቱ እሺ አለች። እውነትም ልትነግራት አስባ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ያካፋል። ሁለቱ ሴቶች በባስ ወረዱ። ሩሐማ ጠርሙሱን በበረዶ ከረጢት አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች፤ ባሱ በቆመ ቁጥር በክንዷ ከለል ታደርገዋለች። ሣህሊቱ መንገዱን ሙሉ ስትነግራት ሄደች። ስለ ሙቁ ውሃ ነገረቻት፤ ስለ አሲዱ፤ ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ። «የምናየው ወተቱን እንጂ ልጁን አይደለም» አለቻት ደጋግማ። ሩሐማ ራሷን ነቀነቀች። ሣህሊቱ ሁሉንም የነገረቻት መሰላት።

ላቦራቶሪው ውስጥ ነጭ ካፖርትና ጓንት አለበሰቻት። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አኖሩት። በረዶው ሲቀልጥ ቅባቱ ከላይ ሰፈፈ። ሣህሊቱ ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ ሩሐማ ቀደመቻትና ጠርሙሱን በሁለት ጣቷ ይዛ በእርጋታ አዞረችው።

«አይናጥም ብለውኛል» አለች። «እንዲህ ነው የሚዞረው።»

«ልክ ነሽ።»

የሩሐማ ወተት በቀኙ መስታወት ገባ። ሣህሊቱ በግራው ሌላ ወተት ጨመረች፤ ሁልጊዜም ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የምታስኬዳቸው። ፔፕሲኑን ስትመዝን ሩሐማ ጠጋ ብላ አየች።

«ዱቄቱ ምንድን ነው?»

«ሆድ የሚያመነጨው ነገር ነው። የሰው ስለማይገኝ ከአሳማ የወጣ ነው።»

«ከአሳማ?» የሩሐማ ከንፈር ጫፍ ፈገግ ሊል ቃጣው። «እማማ ሥራዬ ቢሰሙ!»

«ለእሳቸው አንነግርም።»

ዘንጓ መዞር ጀመረች። አሲዱ ጠብ አለ፤ ቆየት ብሎ ሌላ ጠብታ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያያሉ። ወተቱ መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ እንዳለ ነጭ ሆኖ ይዞራል። ከዚያ በመስታወቱ ግድግዳ ላይ ደቃቅ ነጭ ፍርፍር ታየ። ፍርፍሩ በዛ፤ እርስ በርሱ ተያያዘ፤ ውሃው ከመካከሉ እየለየ ወጣ።

ሣህሊቱ ይህን ስታይ ሁልጊዜ የምትለው ነገር አለ። ሥራው እንደተቃና የምታውቀው በዚህ ነውና፣ ሳታስበው፣ በደስታ፣ እንደ ለመደችው አለች፦

«ያዘ! ይኸው ረጋልን!»

ሩሐማ ወደ ኋላ ስትሄድ ከኋላዋ የነበረው ወንበር ተገለበጠ። ጀርባዋ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ በጓንቱ አፏን ይዛ ነበር። ከጓንቱ ሥር የወጣው ድምፅ ለቅሶ አይመስልም፤ መንገድ ላይ የተመታ ሰው የሚያሰማውን ዓይነት ነበር።

«ረጋ አልሽ» አለች። አንቱታው ከአፏ ወድቋል። «እሳቸውም ያሉት ይህንኑ ነው። ሆዱ ውስጥ ረግቶበት ነው ያሉት። አንቺ ደግሞ ደስ ብሎሽ ነገርሽኝ!»

ሣህሊቱን ዶክተር ኖራ «እኛ ለምደነዋል» ያለቻት ትዝ አላት። ሁሉን ነግራ አንዱን፣ ዋናውን፣ ረስታለች። በየቀኑ ስለምታየው ሌላ ሰው ሊያስደነግጥ እንደሚችል ጠፍቷት ነበር።

«ሩሐማ፣ ይቅር በይኝ። አልነገርኩሽም። የሁሉም ይረጋል።»

«አትዋሺኝ!»

«ነይ እዪ። እኔን አትመኚ፤ ግራውን እዪ።»

ሩሐማ አልተንቀሳቀሰችም። ሣህሊቱም አልጎተተቻትም፤ የወደቀውን ወንበር አንሥታ ከመስታወቶቹ ፊት አኖረችው፣ ራሷ ሌላውን ስባ ተቀመጠች፣ ጠበቀች። ዘንጓን የሚያዞረው ሞተር በቀስታ ያንሾካሽካል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሩሐማ ጥላ ወንበሩ ላይ አረፈ።

በግራው መስታወትም ያው ፍርፍር፣ ያው ነጭ ደመና ይዞራል።

«ይሄ የማን ነው?»

«ወተት የተረፋቸው እናቶች የሰጡት ድብልቅ ነው። ልጆቻቸው አሉ፤ ያድጋሉ።»

«እሱም ረጋ?»

«እሱም። ጨጓራ ወተት የሚይዝበት እጅ የለውም፤ የሚይዘው በማርጋት ነው። ባይረጋ ኖሮ ሳይፈጭ ሾልኮ ያልፍ ነበር። አንቺም የእናትሽን ወተት እንዲህ እያረጋሽ ነው ያደግሽው። እኔም፣ እማማ ሥራዬም።»

ሩሐማ አንዴ ቀኙን አንዴ ግራውን ታያለች። ዓይኖቿን ጨፍና ገለጠቻቸው፤ ራቅ ብላ ቆመች፤ እንደገና ቀረበች። ልዩነት ትፈልጋለች። ሣህሊቱ ምን እንደምትፈልግ ስለገባት አልቸኮለችባትም።

«ፀሐይ የመታው ይኼ ነው» አለች ሩሐማ በመጨረሻ፣ ቀኙን እያመለከተች። «ከዚያኛው ይለያል ግን አልልም።»

ከዚያ ተቀመጡ። ሣህሊቱ በየግማሽ ሰዓቱ ከሁለቱም በትንሹ እየቀዳች በቀጫጭን ብልቃጥ በረዶ ላይ ትደረድራለች። በመጀመሪያዎቹ ብልቃጦች ፍርፍሩ ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ እየቆየ ሲሄድ እየደቀቀ፣ እየሳሳ መጣ። ከቅባቱ የተነሣ ነጭነቱ አልለቀቀም፤ ጓሉ ግን ሟሟ። የቀኙም፣ የግራውም። ውጪ ዝናቡ መስኮቱን ያጥባል፤ ሐይቁ ከጉሙ ሥር ጠፍቷል።

«ታዲያ ለምን ሞተ?» አለች ሩሐማ።

ሣህሊቱ ጓንቷን አወለቀች። ቀላል መልስ ልትሰጣት ትችል ነበር፤ ልጅቷ አሁን የምትሰማት መሆኑንም አይታለች።

«አላውቅም» አለች። «ይህ መስታወትም አያውቅም። ሐኪሙ የነገረሽን ሰምተሻል፤ ከዚያ የሚበልጥ እኔ ዘንድ የለም። እኔ የማውቀው ይህን የታየውን ብቻ ነው፤ ወተትሽ ሌላው ወተት የሚሆነውን ሆነ።»

ሩሐማ አለቀሰች። ሣህሊቱ «ተዪ» አላለቻትም። «ይተካል»ም አላለቻትም። ወንበሯን አስጠግታ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጠችና እሷም እንባዋ ወረደ። ለዚያ ሕፃን ለቅሶ የተቀመጠለት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ከለቅሶው መካከል ሩሐማ ትናገር ጀመር። ጸጉሩ ጥቁር እንደነበረ። ጣቷን ስትሰጠው እንደሚጨብጥ። አንድ ቀን አስነጥሶት ነርሷም እሷም አንድ ላይ እንደደነገጡ። ሣህሊቱ ሰማች፤ «እንዴት አድርጎ?» እያለች ጠየቀች። ስትጠይቃት ሩሐማ ድምፁን ሳይቀር አሰማቻት፤ ከድመት ልጅ ትንፋሽ የማትበልጥ ማስነጠስ ነበረች።

ሰዓቱ ሲደርስ ሣህሊቱ ሞተሩን አቆመች፤ ቱቦዎቹን ነቀለች። ሩሐማ ወተቱን እያየች ጠየቀች።

«ይሄ የት ነው የሚደፋው?»

«እዚህ ማጠቢያው ላይ።»

«እኔ ልድፋው?»

ሣህሊቱ የቀኙን መስታወት አንሥታ በሁለት እጇ አቀበለቻት። ሩሐማ ስትቀበለው ቀጥ ብላ ቀረች። መስታወቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር፤ በሰው ገላ ልክ ይሞቃል። ሳታስበው ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ሣህሊቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ጊዜ ሰጠቻት።

«ማዕረግ» የሚል ድምፅ ሰማች ከኋላዋ። «ማዕረግ ልለው ነበር። ለማንም አልነገርኩም።»

ከዚያ ወተቱ ሲወርድ ተሰማ፤ ውሃም ተከተለው።

«ማዕረግ» አለች ሣህሊቱም፣ ስሙ በሰው አፍ እንዲገባ።

ዕቃውን አብረው አጠቡ። ሣህሊቱ ትፈትጋለች፣ ሩሐማ ታለቀልቃለች። ሲጨርሱ ሩሐማ እጇን በካፖርቱ ጠረገችና ግራ የገባት መስላ ቆመች።

«እትዬ፣ ርቦኛል።»

እዚያ ክፍል ውስጥ ምግብ አይበላም። ከኮሪደሩ ጫፍ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ሣህሊቱ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ የምስር ወጡን በማይክሮዌቭ አሞቀችና እንጀራውን ዘርግታ አቀረበችላት። ሩሐማ ቆርሳ ጎረሰች። ረጅም ጊዜ አላመጠች፤ ዋጠች። ሣህሊቱ ጉርሻው በልጅቷ ጉሮሮ ሲወርድ አየችና ከዚያ ወዲያ ዓይን በማይደርስበት በልቧ ተከተለችው። መንገዱን ታውቀዋለች።

ሁለተኛውን ስትቆርስ ሩሐማ እጇን መለሰች።

«ምነው፣ እርስዎም ይብሉ እንጂ። ብቻዬን አልበላም።»

ሣህሊቱ እጇን ታጥባ መጣችና ከወዲህ በኩል ቆረሰች።